የኤምጂቢ የፊት እግር፦ ዕቃ፣ ልኬትና ግራሶ

አውራ ጎዳና ላይ መሪው ወዲያና ወዲህ መዋለል ሲጀምር የአሮጌ ስፖርት መኪና ባለቤት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጎማውን ነው። ንፋስ ያስለካል፣ ባላንስ ያሠራል፣ ሲብስበትም አዲስ ጎማ ይገዛል። መኪናው ግን መዋለሉን አይተውም። ጉድጓድ ሲገባ ከፊት በኩል የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ አዲሱ ጎማም ብዙ ሳይቆይ በአንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ይገኛል። ጣጣው ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ጎማውን በያዘው የፊት እግር ላይ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ይህን ችግር ከሥሩ ለመረዳት የእንግሊዙ ኤምጂቢ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1962 እስከ 1980 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአቢንግደን ከተማ የተመረተው ይህ መኪና፣ ጣሪያው የሚከፈተውና ጂቲ የሚባለው ባለ ጣሪያው ተደምረው ከ500 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ከዚህ ውስጥ ብዙው የተሸጠው አሜሪካ ነው። መለዋወጫው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በ1988 ሙሉ ቦዲውን እንኳ እንደ አዲስ ማምረት ጀምሯል። ስለዚህ የኤምጂቢ ባለቤት ዋና ጭንቀት የዕቃ እጥረት አይደለም። የሚያስቸግረው የተገዛውን ዕቃ በትክክል መግጠሙ ነው። ያለ ልኬት የተገጠመና ከዚያም ግራሶ የተነፈገ አዲስ ዕቃ ብዙም ሳይሄድ ተበልቶ መኪናውን ወደ ቀድሞ ችግሩ ይመልሰዋል።

ከጦርነቱ በፊት የተነደፈ እግር

የኤምጂቢ የፊት እግር ከመኪናው በብዙ ዓመት ይቀድማል። መሠረቱን የጣሉት በ1930ዎቹ መጨረሻ በሞሪስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት አሌክ ኢሲጎኒስና ጃክ ዳንኤልስ ናቸው። ኢሲጎኒስ ኋላ በ1959 በወጣችው ሚኒ ስሙ ዓለምን ያዳረሰው መሐንዲስ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አዘገየውና ንድፉ ገበያ የወጣው በ1947 ዋይ ታይፕ በተባለችው የኤምጂ የቤት መኪና ላይ ነበር። ከዚያ በ1950 ወደ ቲዲ፣ በ1955 ወደ ኤምጂኤ፣ በመጨረሻም ወደ ኤምጂቢ ተሸጋገረ። በየጊዜው መጠነኛ ማሻሻያ ቢደረግለትም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ሥር መኪናውን በአግድም የሚያቋርጥ ወፍራም መስቀለኛ ብረት አለ። በእያንዳንዱ ጎን ከዚህ ብረት ሁለት የታች ክንዶች ወደ ጎማው ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው የሞላው ማረፊያ ሰሃን በአራት ብሎኖች ታስሯል። ከላይ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ ይቀመጣል። ይህ ሾክ ዛሬ በብዙ መኪና ላይ የምናየው ረጅም ቱቦ አይደለም፤ ዘይት የሞላው የብረት ሳጥን ሲሆን ከጎኑ ሁለት ክንዶች ይወጣሉ። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ክንዶቹ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ይገፋሉ፤ ዘይቱም በጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ይበርዳል።

የሾኩ ክንዶች ሌላም ኃላፊነት አለባቸው። ጎማውን ከላይ ይዘው የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ንድፉ በዚህ መንገድ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ እንዲሠራ ስላደረገ ዋጋም ክብደትም ቀንሷል። በአንጻሩ የሾኩ አክሲስ ሲበላ መኪናው ከመንገጫገጩ በተጨማሪ የጎማው አቋቋምም ይዛባል።

በላይኛውና በታችኛው ክንድ መካከል ቀጥ ብሎ የቆመው ወፍራም የብረት ዘንግ ኪንግ ፒን ይባላል። መሪው ሲዞር ጎማውን የተሸከመው ክፍል በዚህ ዘንግ ዙሪያ ይሽከረከራል። በዘንጉና በዚህ ክፍል መካከል ከላይና ከታች ቡሽንግ አለ። ኪንግ ፒኑ ከታችኛው ክንድ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ሌላ ቡሽንግ ይገኛል። እነዚህ ሦስት ቦታዎች ብረት ከብረት የሚፋተግባቸው ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው ግራሶ የሚገባበት ኒፕል ተሠርቶላቸዋል፤ በአንድ ጎን ሦስት፣ በሁለቱም ጎን ስድስት ማለት ነው። አምራቹ በየ3 ሺህ ማይል፣ ማለትም በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ በስድስቱም በኩል ግራሶ እንዲገባ ያዛል።

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ነድቶ ያሠራ ሰው ለዚህ ዓይነቱ እግር እንግዳ አይደለም። እስከ 1965 ሞዴል ድረስ ያሉት ቮልሶች የፊት ጎማቸው የሚዞረው በኪንግ ፒን ነበር፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ነው በቦል ጆይንት የተተካው። የጥንቶቹን ቮልሶች ዕድሜ ያረዘመላቸው በጊዜው የሚገባላቸው ግራሶ ነው፤ ኤምጂቢም ከዚህ የተለየ ነገር አይፈልግም።

በደንብ የተያዘ እግር ምን ያህል እንደሚችል የታየበት አንድ አጋጣሚ አለ። በ1966 አንድሩ ሄጅስና ዡልየን ቬርናቭ የነዱት ኤምጂቢ፣ በጀርመኑ ኑርበርግሪንግ መንገድ ላይ 84 ሰዓት የሚፈጀውን ማራቶን ዴ ላ ሩት የተባለ ውድድር አሸንፏል። ኑርበርግሪንግ በጠመዝማዛነቱና በቁልቁለት ዳገቱ የታወቀ ነው፤ የፊት እግርን እረፍት አይሰጠውም።

በሽታውን መለየት

ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የትኛው እንደተበላ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ እንኳ አይጠይቅም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በብረት ማቆሚያ ላይ ያርፋል። መካኒኩ አንድ እጁን በጎማው አናት፣ ሌላውን ከግርጌው አድርጎ እየሳበና እየገፋ ይነቀንቀዋል። ጎማው ከተላወሰ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ የጎማው ኩሽኔት ወይም ኪንግ ፒኑ።

ሁለቱን የሚለየው ቀላል ዘዴ ፍሬን ነው። ረዳቱ ገብቶ ፍሬኑን ይረግጣል፤ መካኒኩ ደግሞ እንደገና ይነቀንቃል። ፍሬን ሲያዝ ዲስኩ ከካሊፐሩ ጋር ስለሚጣበቅ ኩሽኔቱ ቢላላም እንኳ መላወሱ ይጠፋል። መላወሱ እንዳለ ከቀጠለ ልቅነቱ ከኩሽኔቱ ወዲህ፣ ኪንግ ፒኑ ላይ ነው። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ብቻ የሚላወስ ከሆነ ግን መታየት ያለበት የመሪው ቴስቲና ነው።

ቀጥሎ ዓይን ይሠራል። በታችኛው ክንድ ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎች ተሰነጣጥቀው ወይም ከቦታቸው ወጥተው እንደሆነ በባትሪ ብርሃን ይታያል። ሾኩ ዘይት አንጠባጥቦ ዙሪያው አቧራ የጠገበ ጥቁር እድፍ ይዞ ከሆነ ማስረጃው ራሱ ነው። ሾኩን ፈትቶ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ክንዱን በእጁ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጤነኛ ሾክ ላይ ሲወጣም ሲወርድም እኩል ክብደት ይሰማል። በመሐል አንድ ቦታ ላይ ክንዱ ባዶ ሆኖ ከተንሸራተተ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ውስጡ ተበልቷል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሞላው

በሥራው ሁሉ ትልቁ አደጋ ያለው ሞላው ላይ ነው። ተጨምቆ የተቀመጠው ሞላ በውስጡ የያዘው ኃይል በመቶዎች ኪሎ ግራም የሚቆጠር ነው። ያለ ጥንቃቄ የተለቀቀ ሞላ ተወርውሮ እጅ ይሰብራል፤ ከዚያም የከፋ ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ አይገባም። ማቆሚያዎቹን በጠንካራው የቦዲ ብረት ሥር አድርጎ፣ ሌላ ክሪክ ደግሞ በሞላው ሰሃን ሥር ይደግፋል። ኪንግ ፒኑን ከላይኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ብሎን ሲፈታ ክሪኩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሞላውም ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ሌላም የቆየ ዘዴ አለ። ከሰሃኑ አራት ብሎኖች መካከል በሰያፍ ትይዩ ያሉት ሁለቱ ወጥተው በምትካቸው ጥርሳቸው ረጅም የሆነ ጠንካራ ብሎኖች ይገባሉ። ቀሪዎቹ ሁለቱ ከተፈቱ በኋላ የረጃጅሞቹ ዳዶዎች እየተፈራረቁ በጥቂቱ ሲላሉ ሰሃኑ ሳይንጋደድ ይወርዳል። ጊዜ ይፈጃል፤ ሞላው ግን ከቁጥጥር አይወጣም።

ከዚህ በፊት ካሊፐሩ ይፈታል። ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ቱቦው ከውስጥ ሊቀደድ ይችላልና። በሽቦ ከላይ ታስሮ ይሰቀላል። ቱቦው ካልተፈታ ደግሞ ፍሬኑ ውስጥ አየር ስለማይገባ ኋላ አየር የማስወጣት ሥራ አይኖርም።

የማይወጣው ብሎን

ኤምጂቢን የሠራ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ብሎን አለ። ኪንግ ፒኑን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ይህ ረጅም ብሎን በብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው ደግሞ በቡሽንግ ውስጥ ይዞራል። በዚያ በኩል ያለው ኒፕል ለዓመታት ግራሶ ሳያገኝ ሲቀር ውኃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ብሎኑና ቱቦው አንድ ብረት ይሆናሉ።

ዳዶው በቀላሉ ይፈታል፤ ብሎኑ ግን በመዶሻ ቢመታ አይነቃነቅም። ደጋግሞ መምታት ጫፉን ከመጨፍለቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደር አንዳንዴ ይረዳል፤ እሳትም አንዳንዴ ይሠራል፤ ጎሚኒና ግራሶ አጠገቡ ስላሉ ግን እሳት ሲለኮስ ማጥፊያው ዝግጁ መሆን አለበት። ሁሉም እንቢ ሲል የሚቀረው ሴጌቶ ነው፤ በክንዱና በኪንግ ፒኑ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ገብቶ ብሎኑን ከሁለቱም ጎን መቁረጥ። ብሎኑም ቱቦውም በአዲስ ስለሚተኩ መቆረጣቸው ኪሳራ አይደለም። ክንዱን ግን ማትረፍ ያስፈልጋል፤ መጋዙ ክንዱን ከነካው ወይም የብሎኑ ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ከሆነ ክንዱም አብሮ ይቀየራል።

ልኬቱ ላይ መታገሥ

አዲስ ኪንግ ፒን ከነቡሽንጉ በካርቶን ይመጣል። ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ቡሽንጎቹ በፕሬስ ሲገቡ ከውስጥ ስለሚጠብቡ ኪንግ ፒኑ እንዲገባባቸው በልዩ መሣሪያ በልክ መላግ አለባቸው። የላይኛውና የታችኛው ቡሽንግ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን ስላለባቸው መሣሪያው ሁለቱንም አቅንቶ የሚይዝ መሆን ይኖርበታል። ይህ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ሥራውን ቶርኔሪያ ላለው ባለሙያ ቢሰጠው ይሻላል። በአሸዋ ወረቀት ወይም በሞረድ የሰፋ ቡሽንግ መጀመሪያ ደህና ይመስላል፤ ጫናው ሁለት ሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ግን ቶሎ ይበላል።

ቀጥሎ የሮንዴላዎቹ ጉዳይ አለ። ጎማውን የተሸከመው ክፍል በኪንግ ፒኑ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይጫወት በውፍረታቸው የሚለያዩ ሮንዴላዎች ተዘጋጅተዋል። በሮንዴላና በሮንዴላ መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊሜትር መቶኛዎች አያልፍም። ቀጭኑ ከገባ እግሩ ይላላል፤ ወፍራሙ ከገባ መሪው ይከብዳል፣ ከተጠማዘዘ በኋላም በራሱ ወደ መሐል አይመለስም። ትክክለኛው ተገጥሞ ሲጠብቅ ክፍሉ በእጅ ያለ ችግር ይዞራል፤ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግን ምንም ልቅነት አይሰማም። እስኪገኝ ድረስ ፈትቶ መግጠም፣ እንደገና ፈትቶ መግጠም ግድ ነው።

የጎማው ኩሽኔትም ልኬት አለው። ኤምጂቢ ላይ በሁለቱ ኩሽኔቶች መካከል ቱቦና ስስ ሮንዴላዎች አሉ፤ የሚፈቀደው ልቅነት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው። ሮንዴላዎቹን አውጥቶ ዳዶውን በግምት ማጥበቅ በአንዳንድ ጋራዦች የተለመደ ቢሆንም እዚህ መኪና ላይ ስሕተት ነው። ቱቦው ኩሽኔቶቹን ከማራራቅ ባለፈ ጎማውን የተሸከመውን አክሲስ ያጠነክራል፤ ሮንዴላዎቹ ከሌሉ ይህ ጥንካሬ ይጠፋል።

የትኛው ጎሚኒ?

የታችኛው ክንድ በውስጠኛው ጫፉ በጎሚኒ ላይ ይንቀሳቀሳል። የፋብሪካው የመጀመሪያ ጎሚኒ ለስላሳ ስለሆነ የመንገድ ንዝረትን ይውጣል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ዘይት ከነካው ደግሞ ይሟሟል። ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት ከራሱ ከኤምጂ የተገኘ ሌላ ዓይነት ነው። ከ1973 እስከ 1976 ባለ 3.5 ሊትር የሮቨር ሞተር የተገጠመለት ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 የተባለ መኪና ወጥቶ ነበር፤ የተሠራው 2,591 ብቻ ነው። ለእሱ የተዘጋጀው ጎሚኒ መሐሉ ላይ የብረት ቱቦ ስላለው ክንዱን አጥብቆ ይይዛል፤ በተራው ኤምጂቢ ላይም ምንም ለውጥ ሳይደረግ ይገባል። ሦስተኛው አማራጭ ፖሊዩሬቴን ነው። ጠንካራና ዘይት የማይጎዳው ሲሆን የመንገዱን ንዝረት ግን ከጎማ ይልቅ ወደ መሪው ያሳልፋል።

የጎማ ጎሚኒ ሲገባ በግራሶ መለስለስ የለበትም፤ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል። ብረት ያለበትን የቪ8 ጎሚኒ በሞርሳ ቀስ ብሎ መጫን ይሻላል። ዳዶው የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው ደግሞ መኪናው ወርዶ በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እንደተጠመዘዘም ስለሚሠራ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል።

ሞላም ሲታዘዝ የመኪናው ዓመተ ምርት መታየት አለበት። በአሜሪካ ሕግ ምክንያት ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ኤምጂቢ ትልልቅ ጥቁር የጎማ መከላከያ ተደርጎለት ከመሬት ከፍ እንዲል ተደርጓል። የቀድሞውና የኋለኛው ሞላ አንድ አይደሉም። የአንዱን ለሌላው መግጠም የመኪናውን ከፍታና የጎማውን አቋቋም ያዛባል።

ሥራው ሲገጣጠም የግራና የቀኙ እኩል መቀየር አለበት። አንዱ ጎን አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡን አይተውም። ዳዶዎቹ በተወሰነላቸው ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ ኮፒሊያ ባለበት ሁሉ አዲስ ኮፒሊያ ይገባል። በመጨረሻ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለካል። በኤምጂቢ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊታቸው በ1.6 እና በ2.4 ሚሊሜትር መካከል እንዲቀራረቡ ያስፈልጋል። ሌሎቹ ማዕዘኖች በፋብሪካው ማስተካከያ አልተደረገላቸውም፤ እነሱ ከተዛቡ የታጠፈ ክንድ ወይም የተጎዳ መስቀለኛ ብረት አለ ማለት ነው።

ግራሶ ወይስ ዘይት

እዚህ ላይ ከኤምጂቢ አልፎ ሌላ መኪና መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱ የለመደ እጅ ሌላው ላይ ሊሳሳት ይችላል። በ1962 የወጣው ትራያምፍ ስፒትፋየር የፊት ጎማውን ከታች የሚይዘው ጥርስ ባለው የነሐስ መያዣ ነው፤ ቋሚው ብረት በዚህ ነሐስ ውስጥ እንደ ብሎን ገብቶ ይዞራል። ይኸው ቋሚ ብረት በሎተስ ኤላን ላይም ተሠርቶበታል። እዚህ የሚገባው ግራሶ አይደለም፤ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ነው። ግራሶ ወፍራም ስለሆነ ጥርሶቹ መካከል በደንብ አይደርስም፤ ውኃም ቦታ አግኝቶ ብረቱን ያዝገዋል። የተዳከመው ቋሚ ብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው መሪ ሲጠመዘዝ ነው፤ ሲሰበርም ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል። በኪንግ ፒን መበላት መኪናው አስቀድሞ በመዋለልና በድምፅ ያስጠነቅቃል። ይኸኛው ብዙም አያስጠነቅቅም።

የእነዚህን አሮጌ መኪናዎች እግር የሚከታተለው ማነው የሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት ክብደት አግኝቷል። በእንግሊዝ ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪናዎች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ሆነዋል። የመጨረሻው ኤምጂቢ የወጣው በ1980 ስለሆነ ዛሬ ሁሉም ዕድሜያቸው ከዚህ በላይ ነው። ሕጉ መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን አሁንም ያስገድዳል፤ ጎማውን አንሥቶ የሚነቀንቀው መርማሪ ግን በየዓመቱ መምጣቱ ቀርቷል። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ ላይ ወድቋል።

እግሩ የታደሰለት ኤምጂቢ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ዳዶዎቹና የጎማው አቅጣጫ መታየት አለባቸው፤ አዲስ ሞላና ጎሚኒ ቦታቸውን ሲይዙ ከፍታው በጥቂቱ ይለወጣልና። ግራሶው ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲገባ ይመረጣል፤ የመኪናው ክብደት ሲቀል ግራሶው በጫና ተጣብቀው ወደነበሩት ቦታዎች ይዘልቃል። አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ በጠርዙ ብቅ እስኪል ድረስ ይገፋል። ግራሶ አልቀበል ያለ ኒፕል ተፈትቶ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። በዓመት ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሄድ መኪና የአምራቹን የኪሎ ሜትር ገደብ ቢጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። ለእንዲህ ያለው መኪና የሚሻለው በቀን መቁጠሪያ መመራት ነው፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱን በእርጥብ መንገድ ላይ ካሳለፈ ደግሞ ክረምቱ እንዳለቀ ተጨማሪ አንድ ጊዜ ስድስቱም ኒፕሎች ግራሶ ማግኘት አለባቸው።